ምዕራፍ 6፦ ፍየል የማትቀምሰው ቅጠል

ፍየል አፏን የማታሳርፍበት ተክል ጥቂት ነው። የግራርን ቅጠል ከእሾሁ መካከል ለይታ ትለቅማለች፤ አጥር ጥሳ የገባችበት ጓሮም ብዙ ሳይቆይ ይመለጣል። ባሕር ዛፍ ሥር ስትደርስ ግን አሽትታ ታልፋለች። ላምም በግም እንዲሁ ያደርጋሉ። ገበሬው ባሕር ዛፍን ከሚወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ችግኙን ከብት አይፈጅበትም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ አዲስ አበባን ያለበሰው ይህ ዛፍ የተወለደው አውስትራሊያ ነው። እዚያ ደግሞ በላተኛ አለው። በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ደኖች፣ በቅርንጫፍና በግንድ መጋጠሚያ ላይ ተወሽቆ ቀኑን የሚያሳልፍ፣ ጆሮው ፀጉራም፣ አፍንጫው ትልቅና ጥቁር፣ ጅራት የሌለው፣ አመድማ እንስሳ አለ፤ ኮዋላ ይባላል። ሌሊት እየተነሣ የሚመገበው እኛ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነውን ይህንኑ ቅጠል ነው። በአገራችን ነጭ ባሕር ዛፍና ቀይ ባሕር ዛፍ የምንላቸው ሁለቱም ኮዋላ ከሚበላቸው ዝርያዎች ውስጥ ይገኛሉ።

ባለፈው ምዕራፍ ላም ሣርን እንዴት አድርጋ ወደ ጉልበት እንደምትለውጥ፣ ጉሬዛም በተከፋፈለ ጨጓራው ቅጠልን እንዴት እንደሚያብላላ አይተናል። ሁለቱም ጥሩ ሠራተኛ ሆድ አላቸው፤ ነገር ግን የሚበሉት ምግብ ሌላም ብዙ እንስሳ የሚሻማበት ነው። በዚህ ምዕራፍ የምንመለከተው ተቃራኒውን መንገድ ነው። አንድ እንስሳ ሌላው ሁሉ የሸሸውን ምግብ የራሱ ቢያደርግ ምን ያገኛል? ምንስ ይከፍላል? የኮዋላ አካል ከአፍንጫው እስከ አንጀቱ፣ ጠባዩም ከእንቅልፉ እስከ ጩኸቱ፣ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ማንነቱን እናስተዋውቅ። ኮዋላ መልኩ ድብ ቢመስልም ከድብ ጋር ዝምድና የለውም። እንደ ካንጋሩ ባለ ከረጢት አጥቢ ነው፤ ልጁን ገና ሳይጠና ወልዶ በሆዱ ላይ ባለ ከረጢት ያሳድጋል። በሕይወት ካሉት ዘመዶቹ የቅርቡ መሬት ቆፍሮ የሚኖረው ዎምባት ነው። ከራሱ ቤተሰብ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ በቅሪተ አካል ብቻ የሚታወቁ ናቸው። በደቡብ፣ ቅዝቃዜ በሚበረታበት በቪክቶሪያ፣ ወንዱ እስከ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሰሜን፣ በሞቃቱ ኩዊንስላንድ፣ ከዚያ በግማሽ ያነሰ ነው።

ዛፉ ራሱን እንዴት ይጠብቃል?

ዛፍ ከሚበላው እንስሳ ሮጦ አያመልጥም። ስለዚህ ብዙ ዕፅዋት ራሳቸውን የሚከላከሉት በኬሚካል ነው፤ ባሕር ዛፍም በዚህ በኩል እጅግ የበረታ ነው። ቅጠሉን በመዳፋችን ስናሸው የሚወጣው ሽታ በቅጠሉ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን የዘይት ቋቶች የሚፈስ ነው። ይህ ዘይት በእንፋሎት ሲታጠኑት የታፈነ አፍንጫ ይከፍታል፤ ሲዋጥ ግን መርዝ ነው። የእንስሳ ጉበት ይህን ዘይት ለማስወገድ ብዙ ይደክማል።

ከዘይቱ ሌላ ታኒን አለ። ጠቁሮ የፈላ ሻይ ያለ ስኳር ስንጠጣ ምላሳችንን የሚይዘው፣ ያልበሰለ ሙዝ ስንገምጥም አፋችንን የሚሰበስበው ታኒን ነው። ፕሮቲንን አንቆ የመያዝ ባሕርይ አለው፤ ቆዳ አልፊዎችም ከጥንት ጀምሮ የተጠቀሙበት ይህንኑ ባሕርዩን ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ በቅጠሉ ያለችውን ጥቂት ፕሮቲን አስሮ ከበላተኛው ይደብቃታል። በዚህ ላይ ደግሞ በላተኛውን የሚያቅለሸልሹ ሌሎች ውሁዶች አሉ፤ ወደ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

መርዙ ሁሉ ቢወገድ እንኳ የሚቀረው ምግብ ደካማ ነው። ከትኩሱ ቅጠል ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ከተረፈው ብዙው አሰር፣ ማለትም እንጨትነት ያለው፣ ለመፈጨት አስቸጋሪ የሆነ የቅጠሉ አካል ነው። ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው። ምክንያቱ ከአፈሩ ይጀምራል። የአውስትራሊያ አፈር በአብዛኛው ያረጀ፣ ለረጅም ዘመን የታጠበ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያነሰው ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የቆመ ዛፍ የተበላበትን ቅጠል በቀላሉ አይተካም፤ ስለዚህ ያለውን አጥብቆ ይጠብቃል። ከ700 በላይ የሚሆኑት የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ይህን ጥበቃ በየራሳቸው መጠንና ቅመም ያካሂዱታል።

ጥቂት ገቢ ያለው ቤት

እስቲ በየወሩ ጥቂት ብር ብቻ የሚገባበትን አንድ ቤት እናስብ። ገቢው አይቋረጥም፤ የሚሻማውም የለም፤ ነገር ግን አይጨምርም። ከዚያችው ላይ ደግሞ ገና እጅ ሳትገባ ግብር ይቆረጥባታል። እንዲህ ያለ ቤት ወሩን ለመዝለቅ ሦስት መላ አለው፦ ወጪውን መቀነስ፣ የገባውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መጠቀም፣ ገበያ ሲወጣም ዕቃ መርጦ መግዛት። ኮዋላ የሚኖረው እንደዚህ ቤት ነው። ቅጠሉ ደመወዙ ነው፤ መርዙን ለማስወገድ ጉበቱ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር።

በቀን ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ቅጠል ይበላል፤ ሲበዛ እስከ አንድ ኪሎ ይደርሳል። ለምን ከዚያ በላይ አይበላም? ገቢውን በእጥፍ ቢያሳድግ ግብሩም በእጥፍ ያድጋል። ጉበት በአንድ ቀን ሊያስወግድ የሚችለው መርዝ ወሰን አለው፤ ከወሰኑ ያለፈ ቅጠል ጥጋብ ሳይሆን ሕመም ያመጣል። ስለዚህ የኮዋላ የመጀመሪያ መላ ወጪ መቀነስ ነው።

በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት የሚሆነውን ጊዜ ተኝቶ ወይም ዝም ብሎ ተቀምጦ ያሳልፋል። ይህን አይተው ባሕር ዛፍ አስክሮት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሰነፍ የሚሉትም አሉ። ሁለቱም ልክ አይደለም፤ ስለ ኮዋላ ከሚነገረው ሁሉ እንዲታረም የምመኘው ይህንን ነው። እንቅልፉ ስካር አይደለም፤ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ተቀምጦ የሚያርፍ ኮዋላ የሚያወጣው ጉልበት እኩል ክብደት ያለው ከረጢት የሌለው አጥቢ እንስሳ አርፎ ከሚያወጣው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ባለ ከረጢቶች በጠቅላላው ቆጣቢዎች ናቸው፤ ኮዋላ ደግሞ ከእነሱም ይቆጥባል። እየሮጠ፣ እየዘለለ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተላፋ ቢውል ቅጠሉ የሚሰጠው ጉልበት አይበቃውም።

የአንጎሉም ነገር ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ይመስላል። አንጎል ውድ አካል ነው። የእኛ አንጎል ከክብደታችን ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ቢሆንም፣ አርፈን ሳለን ከምናወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። የኮዋላ አንጎል 20 ግራም እንኳ የማይሞላ፣ ላዩም እንደ እኛ የተጨማደደ ሳይሆን ለስላሳ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ከምግቡ ድህነት ጋር ያያይዙታል። ከዚህ ተነሥቶ ደደብ ብሎ መፍረድ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ኮዋላ ማወቅ የሚያስፈልገውን፣ ማለትም የትኛው ዛፍ ላይ የትኛው ቅጠል እንደሚበላ፣ ከማናችንም በላይ ያውቃል።

ለእረፍቱም አካሉ ተመቻችቷል። መቀመጫው ላይ ያለው ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ለረጅም ሰዓት ያስቀምጠዋል። የፊት እጆቹ ከአምስቱ ጣቶች ሁለቱ እንደ አውራ ጣት ሆነው ከሦስቱ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ቅርንጫፍን እንደ ጉጠት ይይዛሉ። የጣት አሻራም አለው፤ በማጉያ መነፅር ሲታይ ከሰው አሻራ ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ሁለት ሜትር የሚደርስ ዕውር አንጀት

ሁለተኛው መላ የገባውን ሁሉ መጠቀም ነው። ትርፍ አንጀት የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሲታመም ሐኪም ቆርጦ ያወጣዋል። ይህች ትንሽ ጭራ የተንጠለጠለችው ትንሹ አንጀት ከትልቁ በሚገናኝበት ቦታ ባለች ከረጢት ላይ ነው፤ ከረጢቷ ከአንድ ወገን ዝግ ስለሆነች ዕውር አንጀት ትባላለች። በሰው ላይ ርዝመቷ የጣት ያህል ቢሆን ነው። በኮዋላ ላይ ግን እስከ 2 ሜትር ትደርሳለች። ባለቤቱ ራሱ ከራስ እስከ መቀመጫ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በዚህ ረጅም ከረጢት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብዙ ተሕዋስያን ይኖራሉ። ሥራቸው በምዕራፍ 5 ያየናቸው በላም ሆድ ውስጥ ያሉት ከሚሠሩት ጋር ይመሳሰላል፤ አሰሩን ያብላላሉ፤ ከመካከላቸውም በታኒን የታሰረውን ፕሮቲን መፍታት የሚችሉ አሉ። ልዩነቱ የሥራው ቦታ ነው። ላምና ጉሬዛ የሚያብላሉት በጨጓራ፣ ማለትም በምግቡ መግቢያ በኩል ነው። ኮዋላ ግን በመውጫው በኩል ያብላላል። በመካከሉ ትንሹ አንጀት በቀላሉ የሚገኘውን ጉልበት አስቀድሞ ይወስዳል፤ ለተሕዋስያኑ የሚደርሳቸው አስቸጋሪው ቅሪት ነው።

አንጀቱ ሻካራውን ከደቃቁ ይለያል። ትልልቁ አሰር ቶሎ ይወገዳል፤ ደቃቁ ቅንጣትና ፈሳሹ ግን ወደ ዕውር አንጀት ተመልሶ ለቀናት ይቆያል፤ አንዳንዱ ከሳምንት በላይ ይሰነብታል። እንዲህም ሆኖ ከመብላላቱ የሚገኘው ከኮዋላ ጉልበት አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ መሆኑ ሲለካ ብዙዎችን አስገርሟል። ታዲያ የቀረው ከየት ይመጣል? ከጥርሱ ነው።

ጥርስ ሲያልቅ

የቅጠል ሴል፣ ማለትም ቅጠሉ የተሠራበት ጥቃቅን ክፍል፣ በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ነው፤ ስኳሩ፣ ስቡና ፕሮቲኑ ያሉት ከግድግዳው ውስጥ ነው። ግድግዳውን መፍጨት ከባድ ነው፤ መስበር ግን ይቻላል። የኮዋላ መንጋጋ ጥርሶች ስለት አላቸው፤ ቅጠሉን እንደ መቀስ እየከተፉ ያደቁታል። ሴሉ ሲሰበር ውስጡ ያለው ይፈስሳል፤ ትንሹ አንጀትም ይወስደዋል። አብዛኛው የኮዋላ ገቢ በዚህ በኩል የሚመጣ ነው።

ስለዚህ የኮዋላ ዕድሜ በጥርሱ ይለካል ማለት ይቻላል። ጥርሱ በየዓመቱ እየተበላ ይሄዳል፤ አይተካም። ጥርሱ ያለቀበት ኮዋላ ብዙ ቅጠል ይበላል፤ ረዘም ላለ ጊዜም ያኝካል፤ ለሌላው ሥራ የሚተርፈው ጊዜ ይቀንሳል። እንደ ላም የዋጠውን መልሶ ወደ አፉ አምጥቶ ሲያኝክ የታየም አለ። በመጨረሻ ግን ሆዱ ቅጠል ሞልቶ፣ ሰውነቱ ግን በረሃብ ይከሳል። ወጪ የማይቀነስበት፣ ገቢ የማይሰበሰብበት ቀን ይመጣል ማለት ነው።

አፍንጫ ይመርጣል፣ ጉበት ይከፍላል

ሦስተኛው መላ ምርጫ ነው። ኮዋላ ቅጠል ከመቁረጡ በፊት ቀርቦ ያሸታል፤ ብዙውን ትቶ ጥቂቱን ይበላል። በአንድ አካባቢ የሚኖር ኮዋላ አዘውትሮ የሚበላቸው ዝርያዎች ጥቂት ናቸው። ከዚህ የሚያስደንቀው ደግሞ ምርጫው በዝርያ አለመቆሙ ነው። ጎን ለጎን ከቆሙ፣ ለእኛ አንድ ዓይነት ከሚመስሉን ሁለት ዛፎች አንዱን ሌሊት በሌሊት ይጎበኘዋል፤ ሁለተኛው ላይ አይወጣም።

ምክንያቱ ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው የሚያቅለሸልሹ ውሁዶች ናቸው። መጠናቸው ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ቤን ሙርና ዊልያም ፎሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በቪክቶሪያ ባለችው ፊሊፕ ደሴት ላይ የእያንዳንዱን ዛፍ ቅጠል ኬሚካል መርምረው፣ ኮዋላዎቹ የትኛውን ዛፍ እንደሚጎበኙ ከተመዘገበው ጋር አስተያዩ። ኮዋላዎቹ ትልልቅ ዛፎችንና እነዚህ ውሁዶች ያነሱባቸውን ይመርጡ ነበር። ውጤቱ በ2005 ወጣ (በዚህ መጽሐፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለእኛ አንድ ወጥ አረንጓዴ የሚመስለው ደን ለኮዋላ ጥሩ ሱቅና መጥፎ ሱቅ የተደባለቀበት ገበያ ነው። «ደኑ አለ፣ ኮዋላ ለምን የለም?» ብሎ ለሚጠይቅም ከመልሶቹ አንዱ ይህ ነው።

በ2018 የኮዋላ ሙሉ ዘረ መል ተነብቦ ወጣ፤ ሥራውን ከመሩት አንዷ በአውስትራሊያ ሙዚየም የነበሩት ሬቤካ ጆንሰን ናቸው። ዘረ መል ሰውነት የሚሠራበት የመመሪያ ጽሑፍ መሆኑን በምዕራፍ 2 አይተናል። በጉበት ውስጥ መርዝ የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን ለመሥራት የሚያገለግለው የመመሪያው ክፍል በኮዋላ ውስጥ ተደጋግሞ ተጽፎ ተገኘ፤ ከእነዚህ ኢንዛይሞች በአንዱ ቤተሰብ ብቻ 31 ቅጂ ተቆጠረ። መራራን የሚለዩ የምላስ መቀበያዎች መመሪያም 24 ነበር። ምላሱ የሚጠነቀቀው መርዙን ለመለየት ነው፤ ጉበቱ የበረታው ያመለጠውን ለመስበር ነው።

ይህ የጉበት ብርታት ለእንስሳት ሐኪሞች ፈተና ሆኗል። መሎክሲካም የሚባለው የሕመም ማስታገሻ በውሻ ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ይሠራል፤ የኮዋላ ጉበት ግን ከመርዝ ቆጥሮ ፈጥኖ ያስወግደዋል። የቆሰለ ኮዋላን ሕመም ማስታገስ የሚፈልግ ሐኪም ከራሱ ከእንስሳው ጉበት ጋር ይታገላል።

ከእናት ሆድ ወደ ልጅ ሆድ

የኮዋላ ግልገል የሚወለደው ከ35 ቀን ገደማ እርግዝና በኋላ ነው። ሲወለድ ክብደቱ አንድ ግራም አይሞላም፤ ዓይኑ አልተገለጠም፤ ጆሮው አልወጣም። በፊት እጆቹ ብቻ የእናቱን ፀጉር እየቧጠጠ ወደ ከረጢቱ ይገባና ጡት ይይዛል። እዚያም ስድስት ወር ገደማ ይቆያል። ለእናት ይህ ጥሩ የወጪ አያያዝ ነው፤ ልጁን በአንድ ጊዜ ከባድ አድርጋ ከመውለድ ይልቅ፣ ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ ለብዙ ወራት ትከፍላለች።

ከረጢቱን ሊለቅ ሲል ግልገሉ አንድ ችግር ይጠብቀዋል። ሆዱ ለወተት እንጂ ለባሕር ዛፍ አልተዘጋጀም፤ ታኒን የሚፈቱት ተሕዋስያን ገና የሉትም። በዚህ ጊዜ እናቱ ከወትሮው ኩስ የተለየ፣ ለስላሳና እርጥብ ነገር ከዕውር አንጀቷ ታወጣለች፤ ግልገሉም ይበላዋል። የከረጢቷ አፍ እንደ ካንጋሩ ወደ ላይ የሚከፈት አለመሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ግልገሉ ብቅ ብሎ በቀላሉ ይደርስበታል። ለእኛ ቢከብደንም ለግልገሉ ከወተቱ የማያንስ ስጦታ ነው፤ በዚህች መንገድ የእናቱ ተሕዋስያን በሆዱ ይሰፍራሉ። እናቱ የምትበላቸውን ዛፎች መብላት የሚችለው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያም ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ከዛፍ ዛፍ እየሄደ ይማራል፤ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ይለያታል።

ጩኸት፣ ሙቀትና ውሃ

ኮዋላ ብቻውን የሚኖር እንስሳ ነው። የመራቢያው ወራት ሲደርስ ግን የአውስትራሊያ ሌሊት በወንዶቹ ድምፅ ይሞላል። ሲስብ እንደ ማንኮራፋት፣ ሲያወጣ እንደ ማግሳት ነው። የአንድ እንስሳ ድምፅ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በአካሉ ልክ ነው፤ የኮዋላ ድምፅ ግን ለአካሉ ከሚጠበቀው 20 እጥፍ ገደማ ይወፍራል፤ ለዝሆን የሚስማማ ድምፅ ነው። ምስጢሩን በ2013 ያሳወቁት ቤንጃሚን ቻርልተንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ኮዋላ ከተለመዱት የጉሮሮ አውታሮች ሌላ፣ ከማንቁርቱ ውጪ፣ ረዘም ያሉና ወፍራም ተጨማሪ አውታሮች አሉት። ድምፁ ስለ ጯሂው አካል ትልቅነት ይናገራል፤ ሴቷም ሌላው ወንድም ከሩቅ ይሰሙታል። ደረቱ ላይ ያለውን የሽታ ዕጢም ከግንድ ጋር እያሸ ምልክት ይተዋል። መጣላት ብዙ ጉልበት ያስወጣል፤ ቁስልም ያመጣል። ከሩቅ ተሰማምቶ መለያየት ለጥቂት ገቢው ይቀለዋል።

ውሃም ከቅጠሉ ይገኛል፤ ግማሹ ውሃ ነውና። በበጋ ሐሩር ግን ያ ብቻ አይበቃም። ውሻ እንደሚያለከልከው ኮዋላም ሲሞቀው በማለክለክና ፀጉሩን በመላስ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ግን ውሃ ያስወጣዋል። በ2014 የወጣ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ሌላ መንገድ አሳየ። በሞቃት ቀን ኮዋላ ከዛፉ አናት ወረድ ብሎ ወፍራሙን ግንድ በሆዱ ያቅፋል። ግንዱ ከአየሩ ይቀዘቅዛልና ሙቀቱን ይስብለታል። ኮዋላ የማይበላቸው ከግራር ወገን የሆኑ ዛፎችም ለዚህ ያገለግሉታል። ይህ እቅፍ በሞቃት ቀን ለማቀዝቀዝ ከሚያስፈልገው ውሃ ግማሽ ያህሉን ሊያድንለት እንደሚችል ገመቱ። ዝናብ ሲዘንብም በግንዱ ላይ ቁልቁል የሚወርደውን ውሃ ይልሳል፤ ይህን በ2020 ያሳተሙት ቫለንቲና ሜላና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እንግዲህ ለኮዋላ መኖሪያ የሚጠብቅ ሰው የሚበሉትን ዛፎች ብቻ ሳይሆን ትልልቅና ጥላማ ግንዶችንም መቁጠር አለበት።

የጠባብ ገበታ ዋጋ

ሻሚ በሌለው ገበታ ላይ የተቀመጠ እንስሳ ገበታው ሲነሣ ሌላ የለውም። በ1927 የኩዊንስላንድ መንግሥት ኮዋላ ማደን ፈቅዶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ለቆዳቸው ተገደሉ፤ የሕዝብ ቁጣ ባይነሣ ኖሮ ከዚያም ይብስ ነበር። ዛሬ የሚጎዳቸው ጠመንጃ ሳይሆን መሬት ነው፤ የባሕር ዳር ከተሞች እየሰፉ ጥሩ አፈር ያለበትን፣ ጥሩ ቅጠል የሚያበቅለውን ደን ይወስዳሉ። ከ2019 እስከ 2020 የነደደው ሰደድ እሳት ታክሎበት በየካቲት 2022 በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በዋና ከተማው ግዛት የሚኖሩት ኮዋላዎች ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ተመዘገቡ።

በሽታም አለ። ክላሚዲያ የሚባል ባክቴሪያ ዓይናቸውን ያሳውራል፤ ሴቶቹን ያመክናል። ባክቴሪያውን የሚገድለው አንቲባዮቲክ ታኒን የሚፈቱትን የሆድ ተሕዋስያን አብሮ ይገድላል። ስለዚህ ከበሽታው የዳነ ኮዋላ ቅጠል ፊቱ ተቆልሎ በረሃብ ሊሞት ይችላል። ይህን አጣብቂኝ ለመሻገር በሰንሻይን ኮስት ዩኒቨርሲቲ በፒተር ቲምስ የሚመራ ቡድን ለብዙ ዓመታት የሠራበት ክትባት በ2025 ፈቃድ አግኝቷል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው።

በቪክቶሪያ በኬፕ ኦትዌይ የሆነው ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምር ይመስለኛል። እዚያ ኮዋላዎች ማና ገም የሚባለውን ባሕር ዛፍ ይበላሉ። ቁጥራቸው እጅግ በዛና በ2013 ገደማ ዛፎቹን ቅጠል አልባ አደረጓቸው። ብዙዎቹ በረሃብ አለቁ። በአቅራቢያው ግን ሜስሜት የተባለ ሌላ ባሕር ዛፍ ለምለም ሆኖ ቆሞ ነበር፤ ጥቂት ኮዋላዎችም ይበሉት ነበር። አብዛኞቹ ግን እየተራቡ እንኳ አልተሻገሩም።

ሚካኤላ ብላይተን፣ ቤን ሙርና ባልደረቦቻቸው የሁለቱን ወገኖች ኩስ ሲመረምሩ የሆዳቸው ተሕዋስያን የተለያዩ ሆነው አገኙ። ከዚያም ሜስሜት ከሚበሉት ኮዋላዎች ኩስ የተወሰደ ተሕዋስያን፣ የጨጓራ አሲድ በማያሟሟው እንክብል ውስጥ አድርገው፣ ማና ገም ብቻ ለሚበሉት ሰጡ። በ2019 እንዳሳወቁት፣ የተቀባዮቹ ሆድ ሕዝብ ተለወጠ፤ ለውጡ በጨመረ መጠንም እንስሳው የሚበላው ሜስሜት ጨመረ። እናት ለግልገሏ አንድ ጊዜ የምትሰጠውን ሰው በእንክብል ለአዋቂ ኮዋላ ሰጠ ማለት ነው። ከእሳት የተረፉ ኮዋላዎች ወደ ሌላ ደን ሲዛወሩ፣ በአንቲባዮቲክ ታክመው ወደ ዛፍ ሲመለሱም፣ ይህ ዘዴ ያገለግል እንደሆነ ተመራማሪዎቹ የሚመለከቱት ለዚህ ነው።